በሚስተር ሞሃን ድስት የጨመርሁት መረቅ

ሃያ ስድስት ዓመት ያገለገልሁበት የእንግዳ ማረፊያ ከተዘጋ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ፣ ከገበያው ወደ ላይ ሲወጡ፣ በሩ አረንጓዴ የነበረው ባለ አንድ ፎቅ ቤት ነው። የውጭ አገር መምህራን፣ ሐኪሞችና የመንገድ መሐንዲሶች ለወራት፣ አንዳንዶቹም ለዓመታት ይቀመጡበት ነበር። ጊዜው ከከፋና መንገዱ ካላስተማመነ ወዲህ እንግዳው እያነሰ እያነሰ ሄዶ ቀረ። የማረፊያው ባለቤት ወይዘሮ ሽታዬ አልጋውን ሸጠው ግቢውን ለእህል መጋዘን አከራዩት። እኔንም የሦስት ወር ደመወዝና ትልቁን ብረት ድስት ሰጥተው፣ አቅፈው ሸኙኝ። የጡረታ ወረቀት የለኝም። በዚህ ቅር አይለኝም።

ሰፈር ውስጥ ሰው ሲያገኘኝ “አንጓች፣ የስንት አገር ምግብ ነው የምትችይ?” ይለኛል። እኔም እቆጥራለሁ፤ የቻይኖቹን እንቁላልና ቲማቲም፣ የኩባዎቹን ቦሎቄ፣ የፈረንሳዮቹን የሽንኩርት ሾርባ። አንዱን ግን ሁልጊዜ ዘልዬ አልፋለሁ። ሕንዶቹ ኪችሪ የሚሉት ነው፤ ሩዝና ማሾ አብሮ የሚቀቀልበት፣ እንደ ገንፎ የሚላላ ምግብ። እንዲህ የምዘልበትን ምክንያት ለልጄ እንኳ የነገርኋት በቅርቡ ነው።

የተወለድሁት ደብረ ኤልያስ ነው። ባሌ ጥሎኝ ሲሄድ ልጄን ውዴን አዝዬ ማርቆስ መጣሁና በማረፊያው ዕቃ አጣቢ ሆንሁ። ወጥ ቤቱን የሚመሩት ጋሽ ይርሳው የሚባሉ ቀጭን፣ ረጅም፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ነበሩ። በልጅነታቸው ዲማ ቅኔ ሲማሩ ቆይተው፣ ሳይጨርሱ አዲስ አበባ ሄደው የፈረንጅ ቤት ወጥ ሠሪ ሆኑ፤ ሲያረጁ ወደ አገራቸው ተመለሱ። አንድ ቀን ሰው ጎድሎ ሽንኩርት ስከትፍ አዩኝ። “እኩል እኩል ትከትፊያለሽ። እኩል ያልተከተፈ ሽንኩርት ግማሹ ሲያር ግማሹ ጥሬ ነው” አሉና ከዕቃ ማጠቢያው አወጡኝ።

ጋሽ ይርሳው ወደ ምድጃ ከመቅረባቸው በፊት እጃቸውን እስከ ክርናቸው ይታጠባሉ። ምግብ ሲቀምሱ ማንኪያውን አፋቸው አያስገቡም፤ መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ነው የሚቀምሱት። መደርደሪያው ሁለት ነበር፤ ከላይ የጾም ድስት፣ ከታች የፍስክ። የጾሙ ማማሰያ ሁሉ እጀታው ላይ ክር ታስሮበታል። አንድ ጊዜ የፍስኩን ማማሰያ ሽሮ ውስጥ ነክሬ ደረሱብኝ። አልተቆጡም። ድስቱን አንስተው ሽሮውን ለግቢው ውሻ ገለበጡለትና “ከሽንኩርቱ ጀምሪ” አሉኝ። ሠራተኛው ሁሉ ምሳውን ሲጠብቅ እኔ ከሽንኩርቱ ጀመርሁ።

አሠራሩን ጻፊ ብለውኝ አያውቁም። እሳቸው የተማሩት በቃል ስለሆነ እኔንም በቃል አስያዙኝ። ድንች ስልጥ፣ ጎመን ስቀነጥስ “ቀጽይ” ይሉኛል፤ እንደ ቆሎ ተማሪ የያዝሁትን በቃሌ እወጣለሁ፣ አንድ ነገር ከዘለልሁ እንደገና ከመጀመሪያው ነው። እንግዳ አዲስ ሲመጣም ምን እንሥራልህ ብለው አይጠይቁም። ሁለት ቀን ዝም ብለው ሳህኑ ምን ያህል እንደ ተመለሰ ያያሉ። በሦስተኛው ቀን አጠገቡ ቁጭ ይሉና “ልጅ ሆነህ ሲያምህ እናትህ ምን ሠርታ ታበላህ ነበር?” ይሉታል። ጢማም መሐንዲሶች ይህን ሲጠየቁ ፊታቸው ሲለወጥ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

የመጀመሪያው የራሴ ምግብ ለአንድ ቻይና የመንገድ መሐንዲስ የሠራሁት ነው። እንቁላልና ቲማቲም አለ። ቀላል መስሎኝ አንድ ላይ ጠበስሁት። ሰውየው በይሉኝታ በላው። ጋሽ ይርሳው ሳህኑን አዩና ሰውየውን ምድጃው ድረስ ጠርተው በእጁ አሠሩት። ለካ እንቁላሉ ብቻውን በጋለ ዘይት ገብቶ፣ ገና ሳይደርቅ ይወጣል። ከዚያ ቲማቲሙ ከነውኃው እስኪፈርስ ይበስላል፣ ጣት ጫፍ የምታህል ስኳር ትነሰነስበታለች፣ እንቁላሉ መጨረሻ ላይ ይመለሳል። በነጋታው እኔ ስሠራለት ጎድጓዳ ሳህኑ ላይ አቀርቅሮ ጨረሰና ሳህኑን ይዞ ብዙ ሰዓት ተቀመጠ። በማግስቱ ከመንገድ ሥራው ሲመለስ አንድ ማዳበሪያ ከሰል አመጣልኝ።

የኩባዋ ሐኪም ደግሞ ጥቁር ቦሎቄ ካልሆነ አለች። እዚህ ያለው ቀይና ነጭ ነው። ሁለት ቅዳሜ ገበያውን አብረን ዞርን፤ በሦስተኛው ከዐባይ በረሃ የመጣ አንድ ገበሬ ጆንያ ሥር ጥቁር ጥቁሩን ለቅመን አገኘን። የተዘፈዘፈበትን ውኃ ሳትደፊ ቀቅይ፣ ቀለሙ እዚያ ነው አለችኝ። ኮምጣጤውም ከእሳት ከወረደ በኋላ። እንዲህ እንዲህ እያለ ነው ያወቅሁት። እጄ እየታመነ ሲመጣ የጋሽ ይርሳው ዓይን እየደከመ ሄደ፤ ወጥ ቤቱን ለእኔ ትተው ዲማ፣ እኅታቸው ዘንድ ገቡ።

እሳቸው በሄዱ በሁለተኛው ዓመት ሚስተር ሞሃን መጡ። ሕንድ ናቸው፤ የሒሳብ መምህር፣ አምሳ ዓመት የሚጠጋቸው፣ ሹራብ ላይ ሹራብ የሚደርቡ፣ የማርቆስ ብርድ የማይለቃቸው ሰው። አማርኛ ፈጥነው ለመዱ፤ አንቺና አንተ ብቻ ይደባለቅባቸው ነበር። እኔን እህቴ ይሉኛል። ሥጋ፣ ዓሣና እንቁላል በዘመናቸው አልቀመሱም፤ ሃይማኖታቸው ነው። ወተትና ቅቤ ግን ይበላሉ። ወይዘሮ ሽታዬ “ግማሽ ጾመኛ” አሏቸውና ሳቅን።

በሦስተኛው ቀን ጥያቄውን ጠየቅኋቸው። ኪችሪ አሉኝ፤ ወጥ ቤት ገብተው ቆመው እናታቸው ሲሠሩ እንዳዩት ነገሩኝ። የተከካው ማሾ በመጀመሪያ በደረቁ ይታመሳል፣ ሽታው እስኪመጣ ብቻ። ሩዙ ውኃው እስኪጠራ ይታጠባል። ሁለቱ ከእርድና ከጨው ጋር ይቀቀላሉ፣ እስኪላሉ፣ እስኪፈርሱ። ለብቻው ቅቤ ይነጠርና ከሙኑ ይገባበታል፤ ከሙኑ መንጣጣት ሲጀምር ዝንጅብል ተጨምሮ ድስቱ ላይ ይፈስሳል፣ ወዲያው ይከደናል። “አንድ ነገር ቀርቷል” አሉኝ። ሂንግ የሚባል የተክል ሙጫ ነው፤ ብቻውን ሲሸት ያስቀይማል፣ ቅቤ ሲነካው ግን ያጣፍጣል። በማርቆስ የለም፤ አዲስ አበባም አስፈልገው አጡ። ያለ እሱ ሠራሁላቸው። በሉና ፈገግ ብለው “ጥሩ ነው። የእናቴ ግን አልሆነም” አሉ።

ይቺ ቃል ከነከነችኝ። በእጄ ከበላ እንግዳ እንዲህ ያለ ቃል ሰምቼ አላውቅም ነበር። ከዚያ በኋላ ዝንጅብሉን አበዛሁ፣ ቅቤውን ቀየርሁ፣ ነጭ ሽንኩርት ጨመርሁ። ሁልጊዜ “ጥሩ ነው” ይላሉ፤ የእናቴ ነው አይሉም።

በሁዳዴ አጋማሽ ታይፎይድ ያዛቸው። ከሐኪም ቤት ወጥተው ክፍላቸው ተኙ። ሳህኑን እንደ ሄደ ነው የሚመልሱት። ቀለበታቸው ከጣታቸው እየወለቀ ኪሳቸው ገባ። ወይዘሮ ሽታዬ ወጥ ቤት መጥተው “አንጓች፣ ይህ ሰው እዚህ ቢሞትብኝ ለዘመዶቹ ምን እላለሁ? አንድ ነገር አድርጊ እንጂ” አሉኝ።

ሥጋ ቤቱ ሁሉ ተዘግቶ ስለነበር ለሌሎቹ የውጭ እንግዶች በግ ግቢ ውስጥ ታርዶ ነበር። አጥንቱ ሲፈላ ውሎ መረቁ ጠርቶ ተቀምጧል። እኔ ከሕፃንነቴ ጀምሮ የማውቀው የታመመ ሰው በመረቅ እንደሚነሣ ነው። ቅቤ የሚበላ ሰው መረቅ ቢነካው ምን አለ፣ መድኃኒት ነው አልሁ ለራሴ። ስቡን ገፈፍሁና ሁለት ጭልፋ የኪችሪው ድስት ውስጥ ጨመርሁ። መጠኑን በአፍንጫዬ ለካሁት እንጂ አልቀመስሁትም። ጾመኛ ነበርኋ። የራሴን ጾም ጠብቄ፣ በዚያው እጄ የሰውየውን ሕይወት ሙሉ የጠበቁትን አፈረስሁ። ያኔ ግን እንዲህ አድርጌ አላሰብሁትም። ጎበዝ የሆንሁ ነው የመሰለኝ።

ሳህኑ ተጠርጎ ተመለሰ። እኔው ራሴ ልወስድ ስገባ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው ወዝቷል።

“እህቴ፣ ሂንግ አገኘህ?” አሉኝ።

“ይብሉ፣ ይበርቱ ብቻ” አልሁ።

“ዛሬ የእናቴ ነው።”

ውሸት አልተናገርሁም ብዬ ስንት ጊዜ ራሴን አጽናንቻለሁ። አልተናገርሁም፤ እውነት ነው። ሳህኑን ይዤ ወጣሁ ብቻ።

ከዳኑ በኋላ ልተው ብዬ አንድ ቀን ያለ መረቅ ሠራሁት። ግማሹን መልሰው “የዛሬው ምን ሆነ?” አሉ። በማግስቱ ወደ መረቁ ተመለስሁ። ዓመት ከመንፈቅ እንዲህ ሄደ። በሳምንት ሁለት ቀን። በስልክ ከእናታቸው ጋር ሲነጋገሩ እኔን ይጠሩና “ይቺ ናት” ብለው በቪዲዮ ያሳዩኝ ነበር። ነጭ ነጠላ የመሰለ የተከናነቡ፣ ጥርሳቸው ያለቀ አሮጊት ናቸው። እጃቸውን አጋጥመው እጅ ይነሡኛል። እኔም ጎንበስ እላለሁ።

በክረምት፣ አንድ ጠዋት፣ ሚስተር ሞሃን ጢማቸውን ሳይላጩ ወጥ ቤት ገቡ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ስለሚመታው መጀመሪያ ያሉትን አልሰማሁም። ጠጋ ብዬ “ምን አሉኝ?” አልሁ።

“እናቴ ሞተች።”

“እግዚአብሔር ያጽናዎት። መቼ?”

“ሌሊት። እኔ አልደርስም። ወንድሜ ያቃጥላታል፣ እንደ ሥርዓታችን።” ወደ ድስቶቹ ተመለከቱ። “አሥራ ሦስት ቀን ንጹሕ ምግብ ብቻ ነው የምበላው። ሌላ ቤት አልበላም። ከአንቺ እጅ ብቻ። ዛሬ የእሷን ሥሪልኝ።”

ሲወጡ ድስቱን በአመድ ፈትጌ አጠብሁ። ከላይኛው መደርደሪያ አዲስ ማማሰያ አወረድሁ። ማሾውን አመስሁ፣ ሩዙን ሰባት ጊዜ አጠብሁ፤ መረቁን አልነካሁም። ምናልባት ዛሬ ሐዘን ላይ ናቸው፣ ጣዕሙን አይለዩትም፣ ከዛሬም ወዲያ በንጹሕ እቀጥላለሁ፣ ያለፈውም ያልፋል፣ እያልሁ ነው የሠራሁት።

ወጥ ቤቱ ውስጥ፣ ከመከተፊያው ጠረጴዛ ቀረቡ። አንዴ ጎረሱ። ማንኪያውን አስቀመጡ።

“ዛሬ የእሷ አይደለም” አሉ። “ለዛሬ እንኳ የእሷ በሆነ። ሂንግ አለቀ?”

አዎ ማለት እችል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን እናቱ የሞተችበት ሰው ፊት ለፊቴ ቁጭ ብሎ፣ ከአንቺ እጅ ብቻ ብሎኝ፣ ሌላ ውሸት እምቢ አለኝ።

“ሂንግ ኑሮኝ አያውቅም” አልኋቸው።

“እና ምን ነበር?”

“መረቅ።”

ቃሉን አያውቁትም። ግራ ገብቷቸው ያዩኛል። ተርጉሜ መናገር ነበረብኝ።

“የአጥንት ውኃ። መጀመሪያ የበግ፤ በኋላ የበሬ።”

በግ የሚለውን ያውቁታል። እጃቸው ከጠረጴዛው ላይ ወረደ።

“መቼ?”

“ከታመሙ ጊዜ ጀምሮ። እንዲድኑ ብዬ ነው። ከዚያ…”

ተነሥተው ወደ ቧንቧው ሄዱና አፋቸውን ተጉመጠመጡ፤ ብዙ ጊዜ። ውኃው ቀዝቃዛ ነበር። ፎጣ ላቀብል ብዬ እጄን ዘርግቼ መልሼ ሰበሰብሁት። በመጨረሻ ዘወር ሳይሉ፣ ግድግዳውን እያዩ፣ ቀስ ብለው ተናገሩ።

“አሁን የእናቴ የትኛው እንደ ነበር አላውቅም” አሉ። ደረጃውን ወጡ።

ከሁሉ ይቺ ናት የገደለችኝ። ቢሰድቡኝ፣ ለወይዘሮ ሽታዬ ከስሰው ቢያስባርሩኝ ይቀለኝ ነበር። ለማንም አልተናገሩም። በማግስቱ ከገበያ ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃና ድስት ገዝተው ክፍላቸው ውስጥ ራሳቸው መቀቀል ጀመሩ። ወይዘሮ ሽታዬ ምክንያቱን ሲጠይቋቸው “የሐዘን ሥርዓት ነው” አሉ። ሐዘኑ አልቆም አልተመለሱም። ጠዋት ጠዋት ሲያልፉ “እንደምን አደርሽ አንጓች” ይሉኛል፤ እህቴ ማለቱ ቀረ። ምግብ ሠርተው አያውቁም ኖሮ ሩዙ ያርባቸዋል። ሽታው በደረጃው ወርዶ ወጥ ቤት ይመጣል። እሳቱን እንዴት እንደሚቀንሱት፣ መቼ እንደሚያወርዱት አውቃለሁ፤ ግን በምን ፊቴ ወጥቼ ልንገራቸው። ቆሜ ሽታውን እስከ መጨረሻው አሸትታለሁ።

ወሩ ሳያልቅ ዲማ ሄድሁ። ጋሽ ይርሳው ዓይናቸው ጨርሶ ደክሞ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው። ጉልበታቸውን ስሜ ሁሉንም ነገርኋቸው። እስክጨርስ አላቋረጡኝም።

“ቀጽይው” አሉኝ።

“ምኑን፣ ጋሼ?”

“ምግቡን። እንደ ሠራሽው፣ ከመጀመሪያው።”

ጀመርሁ። ማሾውን በደረቁ አመስሁ፣ ሩዙን አጠብሁ፣ እርድ፣ ጨው። መረቁ ጋ ስደርስ አቆምሁ። እሳቸውም አላስገደዱኝም።

“አንቺ ስትሠሪ ስንት ሁዳዴ በላሁ” አሉ። “አንድ ቀን ድስቱን ከፍቼ አይቼብሻለሁ?”

“ኧረ የለም።”

“እሱም አላየብሽም።”

“ንስሐ አባቴ ዘንድ ልሄድ ነው” አልኋቸው።

“ሂጂ። እሱ ለአንቺ ነው። ለሰውየውስ ምን ይዘሽ ትሄጃለሽ?”

እኅታቸው ጠላ አመጡ፣ ስለ አዝመራው ተጨዋወትን፣ ተሰናበትሁ። ጋሽ ይርሳው በተከታዩ ዓመት ዐረፉ።

ንስሐ አባቴ ቀኖናዬን ሰጡኝ፣ ፈጸምሁ። ከዚያ ወዲህ ለማንም ምግብ ሳቀርብ ውስጡ ያለውን ሁሉ እየዘረዘርሁ ነበር የማቀርበው። ሽንኩርት አለው፣ ቅቤ አለው፣ ይህ አለው። እንግዶቹ ይስቁብኝ ነበር። ለሚስተር ሞሃን ግን ይቅርታ አድርጉልኝ አላልሁም። በየቀኑ ዛሬ እላለሁ እያልሁ፣ ኮንትራታቸው አልቆ ሻንጣቸው ባጃጅ ላይ እስኪጫን ደረሰ። ለመንገድ ዳቦና ሙዝ ጠቅልዬ በር ላይ ቆምሁ። “ውስጡ ምንም የለበትም” አልሁ። “አውቃለሁ” ብለው ተቀበሉኝና እጃቸውን አጋጥመው እጅ ነሡኝ። ያኔም ይቅርታው ከአፌ አልወጣም። ባጃጁ ታጠፈ።

ማረፊያው ተዘግቶ እጄ ሥራ ሲፈታ ነገሩ አላስቀምጥ አለኝ። ልጄ ውዴ አሁን አስተማሪ ናት። ነገርኋትና በስልክ አፈላልጋ፣ አብረዋቸው በነበሩ በአንድ ሌላ መምህር በኩል ቁጥራቸውን አገኘች። በድምፅ መላክ ይቻላል አለችኝ። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በሩን ዘግተን ተቀመጥን። ብዙ ላወራ አስቤ ነበር፤ ስልኩን አፌ ላይ ስትይዝልኝ ግን ያልሁት ይህን ብቻ ነው፦

“ሚስተር ሞሃን፣ አንጓች ነኝ፣ ከማርቆስ። ያኔ ይቅርታ አልጠየቅሁዎትም። በደልሁዎት። እንዲድኑ ብዬ የጀመርሁት እውነት ነው፤ ከዳኑ በኋላ ያደረግሁት ግን ለስሜ ነው። ይቅር ይበሉኝ።”

ላከችው። ራት ሳንበላ ስልኩ ላይ የመልእክቱ ምልክት ተለወጠና “ሰምተውታል፣ እማዬ” አለችኝ። ያን ቀን መልስ አልመጣም። በማግስቱም፣ በሳምንቱም። ይኸው አምስት ወር ሆነ።

ውዴ “ምናልባት ድምፁ አልጠራላቸው ይሆናል፣ እንደገና እንላክላቸው” ትለኛለች። አልልክም። ድምፄ ጥርት ያለ ነበር። አንድ ጊዜ ሰምተውኛል፤ ሁለተኛ ብነዘንዛቸው ዕረፍቱ ለእኔ ነው እንጂ ለእሳቸው አይደለም።